ቆጣሪው የማይቆጥረው፦ በሶኬት የሚሞላ ሃይብሪድ አውቶሞቢል የሰርቪስ ጊዜ

መኪና ያለው ሰው ሁሉ ከሚያውቃቸው ጥቂት የጥገና ደንቦች አንዱ የሞተር ዘይት በኪሎ ሜትር እየተቆጠረ የሚቀየር መሆኑ ነው። ዘይት ቀያሪው ሥራውን ሲጨርስ የሚቀጥለውን ቁጥር በትንሽ ካርድ ላይ ጽፎ ይሰጣል፤ ባለመኪናውም ቆጣሪው ወደዚያ ቁጥር ሲቃረብ ወደ ጋራዥ ጎራ ይላል። ደንቡ ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት በደኅና ያገለገለው አንድ ያልተነገረ ግምት ከሥሩ ስላለ ነው። ይኸውም ጎማው በተንከባለለ ቁጥር ሞተሩም አብሮ ይዞራል የሚል ግምት ነው። በተለመደው መኪና ይህ እውነት ስለሆነ ጎማውን መቁጠር ሞተሩን እንደ መቁጠር ይሆናል።

በሶኬት የሚሞላ ሃይብሪድ አውቶሞቢል ግን ይህን ግምት አፍርሶታል። ሃይብሪድ የሚባለው ሁለት ዓይነት ኃይል አመንጪ በአንድነት የያዘ መኪና ነው፤ አንዱ የተለመደው የቤንዚን ሞተር ሲሆን ሌላው በባትሪ የሚሠራ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። በሶኬት የሚሞላው ዓይነት ከተራው ሃይብሪድ የሚለየው ባትሪው ተለቅ ያለ በመሆኑና ሌሊት ከቤት የኤሌክትሪክ መስመር ተሞልቶ ጠዋት ቤንዚን ሳይነካ በርካታ ኪሎ ሜትሮችን መጓዝ በመቻሉ ነው። ስለዚህ ቆጣሪው 10,000 ኪሎ ሜትር ሲያሳይ የቤንዚን ሞተሩ ከዚያ ውስጥ ስንቱን እንደሠራ ከቁጥሩ ብቻ ማወቅ አይቻልም። ዘጠኙን ሺህ ሠርቶ ሊሆን ይችላል፤ ሃምሳውንም ላይሠራ ይችላል።

ከዚህ የተነሣ ባለቤቶች በሁለት በኩል ሲሳሳቱ ይታያል። አንዳንዱ ከመኪናው ጋር የመጣውን መጽሐፍ ሳይገልጥ እንደ ድሮው በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ገና ምንም ያልሆነ ዘይት ያስደፋል። ሌላው ደግሞ «ሞተሩ ከተነሣ ወር አልፎታል፤ ታዲያ ዘይቱ ምን ሆኖ ነው የሚቀየረው?» ይላል። የፊተኛው ስሕተት የሚያስከፍለው የዘይት ዋጋ ነው፤ የኋለኛው ግን ሞተር ሊያስከፍል ይችላል። አምራቾች «ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ወይም ይህን ያህል ወር፣ ከሁለቱ ቀድሞ የደረሰው» ብለው የሚጽፉት በዘፈቀደ አይደለም። በዚህ ጽሑፍ ከዚያች አጭር ዐረፍተ ነገር በስተጀርባ ያለውን ኬሚስትሪና ፊዚክስ እንመለከታለን።

አንድ ቆጣሪ፣ ሁለት ሞተር

ለምሳሌ ያህል ሸቭሮሌ ቮልትን እንውሰድ። ይህ መኪና በአሜሪካ ለገዢዎች መድረስ የጀመረው እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2010 ሲሆን ምርቱ የቆመው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። ምርቱ ቢቆምም የሰርቪስን ጥያቄ አጥርቶ በማሳየት ረገድ ለትምህርት የሚመች ነው። የመጀመሪያዎቹ ቮልቶች 16 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ የሊቲየም አዮን ባትሪና 1.4 ሊትር የቤንዚን ሞተር ነበራቸው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት በሰጣቸው ደረጃ መሠረት ባትሪው ብቻውን 35 ማይል፣ ማለትም 56 ኪሎ ሜትር ያህል ያስኬዳቸዋል። ባትሪው የተመደበለትን ያህል እስኪጨርስ ድረስ ነጂው የነዳጅ ፔዳሉን እስከ ወለሉ ቢረግጥ እንኳ የቤንዚን ሞተሩ አይነሣም። ብርድ ሲጸና ወይም መኪናው በርቶ ሳለ ኮፈኑ ሲከፈት የሚነሣበት ሁኔታ ግን አለ። (ይህን የኋለኛውን መካኒኮች ልብ ሊሉት ይገባል፤ ጸጥ ብሎ የቆመ መኪና ኮፈኑ ሲነሣ ድንገት ሞተሩ መዞር ሲጀምር እጅ በቺንግያ አጠገብ መገኘት የለበትም።)

እንግዲህ ሁለት የቮልት ባለቤቶች አሉ እንበል። አንደኛዋ በቀን 30 ኪሎ ሜትር እየነዳች ማታ ማታ መኪናዋን ከሶኬት ትሰካለች። በዓመት 300 ቀን ብትነዳ 9,000 ኪሎ ሜትር ይሆናል። የቤንዚን ሞተሩ ለጉዞ ብሎ አንድም ቀን አይነሣም። ሆኖም መኪናው ሞተሩ ለስድስት ሳምንት ያህል ሳይሠራ ከቆየ ነጂዋን ጠይቆ ለዐሥር ደቂቃ ገደማ ራሱ ያስነሣዋል። በዓመት ስምንት ወይም ዘጠኝ ጊዜ ዐሥር ዐሥር ደቂቃ ማለት አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነው። ሁለተኛው ባለቤት ሶኬት በሌለበት ሕንፃ ይኖራልና ባትሪውን ሞልቶት አያውቅም፤ ያው 9,000 ኪሎ ሜትር በአማካይ በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ 200 ሰዓት በመንገድ ላይ ይውላል፤ ሞተሩ ከዚህ ሦስት አራተኛውን ቢሠራ እንኳ 150 ሰዓት ይሆናል። አንድ ሰዓት ተኩልና 150 ሰዓት! መቶ እጥፍ ልዩነት ያላቸው ሁለት ሞተሮች በቆጣሪ ላይ አንድ ቁጥር ያሳያሉ።

ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያውስ የመጀመሪያዋ ባለቤት ዘይቱን በመቶ ዓመት አንዴ ትቀይር» ማለት የሚቃጣው ሰው አይጠፋም። ሆኖም አምራቹ ለእርስዋም ቢሆን ዘይቱ ቢበዛ በየሁለት ዓመቱ እንዲቀየር አዝዟል። ለምን? መልሱ ያለው ሞተሩ በሚያቃጥለው ነገር ውስጥ ነው።

ከአንድ ሊትር ቤንዚን አንድ ሊትር ውሃ

ቤንዚን የብዙ ሃይድሮካርቦኖች ድብልቅ ነው። ስሌቱን ለማቅለል ግን ኦክቴንን ብቻ እንውሰድ። አንድ የኦክቴን ሞለኪውል 8 የካርቦንና 18 የሃይድሮጅን አቶሞች አሉት። ሙሉ በሙሉ ሲቃጠል 8 የካርቦን ዳይኦክሳይድና 9 የውሃ ሞለኪውሎች ይሆናል። በክብደት ሲሰላ 114 ግራም ኦክቴን 162 ግራም ውሃ ይሰጣል ማለት ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሦስት አራተኛ ኪሎ ግራም ያህል ስለሚመዝን ከአንድ ሊትር ቤንዚን አንድ ሊትር ገደማ ውሃ ይገኛል። ለብዙ ሰው እንግዳ ቢመስልም በማለዳ ከቆመ መኪና የጭስ ማውጫ ጫፍ ሲንጠባጠብ የምናየው ውሃ የዚሁ ውጤት ነው።

አብዛኛው ውሃ በእንፋሎት መልክ ከጭሱ ጋር ይወጣል። ነገር ግን የፒስተኑ ፋሻዎች ምንም ያህል ደኅና ቢሆኑ ከሚቃጠለው ጋዝ ጥቂቱ በጎናቸው ሾልኮ ወደ ታች፣ መካኒኮች ኮፓ ወደሚሉት የዘይት መያዣ መውረዱ አይቀርም። ከመቶ አንድ እጅ ብቻ ሾለከ ብንል እንኳ በእያንዳንዱ ሊትር ቤንዚን 10 ግራም ያህል ውሃ ወደ ዘይቱ ጎራ ይገባል። ሞተሩ በሚገባ ከሞቀ ይህ ውሃ ችግር አይሆንም፤ ዘይቱ ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ እንፋሎት ሆኖ ይነሣና በአየር ማስወጫው ቱቦ ተመልሶ ወደ ሞተሩ ተስቦ ከጭሱ ጋር ይወጣል። ሞተሩ ሳይሞቅ ከጠፋ ግን እንፋሎቱ ቀዝቃዛው ብረት ላይ ጠል ሆኖ ይቀርና ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። የዘይት መሙያውን ክዳን ገልብጠው ሲያዩ ነጣ ያለ፣ እንደ ክሬም የሚመስል ነገር የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ይህን ያየ መካኒክ ብዙውን ጊዜ «የቴስታታ ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል» ለማለት ይቸኩላል። የራዲያተሩ ውሃ ካልጎደለና በዘይት መለኪያው ዘንግ ላይ ያለው ዘይት ንጹሕ ከሆነ ግን ክሬሙ የሚናገረው ሌላ ነገር ነው፤ ይህ ሞተር አጫጭር ጊዜ እየሠራ ይጠፋል፣ አይሞቅም።

እዚህ ላይ አንድ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነጥብ አለ። በዳሽቦርድ ላይ ያለው የሙቀት መለኪያ የሚያሳየው የራዲያተሩን ፈሳሽ ሙቀት ነው፤ የዘይቱን አይደለም። ፈሳሹ በሲሊንደሮቹ ዙሪያ ስለሚዞር ቶሎ ይሞቃል። ዘይቱ ግን በኮፓ ውስጥ ከታች ስለሚቀመጥ፣ ከሥሩም ነፋስ ስለሚመታው ወደኋላ ይቀራል። መለኪያው ግማሽ ላይ ስለደረሰ «ሞተሩ ሞቋል» ብሎ ማጥፋት ለራዲያተሩ እውነት ሲሆን ለዘይቱ ገና ነው።

ከውሃው ጋር ቤንዚንም ይመጣል። ቀዝቃዛ ሞተር ለመነሣት የበዛ ነዳጅ ይረጫል፤ ከዚህም ያልተቃጠለው ጥቂት ክፍል በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ወርዶ ከዘይቱ ይደባለቃል። ቤንዚን ቀጭን ፈሳሽ በመሆኑ የዘይቱን ዝልግልግነት፣ ማለትም በሁለት ብረቶች መካከል ሳይሸሽ ሽፋን ሆኖ የመቆየት ችሎታውን ይቀንሳል። ይህም እንደ ውሃው በሙቀት ይተናል፤ ሙቀት ካላገኘ ግን ይከማቻል። በአንዳንድ ሞተሮች የዘይቱ መጠን ከመጉደል ይልቅ ከፍ ሲል የሚታየው በዚህ የተነሣ ነው። ባለቤቱ «ዘይት የማይበላ ጎበዝ ሞተር» ብሎ ይደሰት ይሆናል፤ እውነቱ ግን የተጨመረው ቤንዚን መሆኑ ነው።

ሦስተኛው አሲድ ነው። በሲሊንደሩ ከፍተኛ ሙቀት የአየሩ ናይትሮጅንና ኦክስጅን ተዋሕደው የናይትሮጅን ኦክሳይዶች ይፈጠራሉ። እነዚህ ጋዞች ውሃ ሲያገኙ አሲድ ይሆናሉ። ዘይት አምራቾች ይህን ስለሚያውቁ አሲዱን የሚያመክኑ የቤዝነት ጠባይ ያላቸው ቅመሞች በዘይቱ ውስጥ አስቀድመው ይጨምራሉ። ቅመሞቹ ግን የተወሰነ መጠን ያላቸው ስንቅ ናቸው። ስንቁ ካለቀ በኋላ አሲዱ የሚቀጥለው ወደ ብረቱ፣ በተለይም ወደ ክራንኩ ማቀፊያ ለስላሳ ብረቶች ነው። ይህ ሥራ ደግሞ ሞተሩ በመቆሙ አይቆምም። ውሃና አሲድ የያዘ ዘይት በቆመ ሞተር ውስጥ ሌሊትና ቀን፣ ሳምንትና ወር ከብረቱ ጋር ይነካካል። የወራት ገደብ የተቀመጠው በዋናነት በዚህ ምክንያት ነው።

ለእውነት ሲባል ተቃራኒውንም መናገር ይገባል። ዘይትን የሚያስረጅ ሌላ ዋና ነገር ከኦክስጅን ጋር መዋሐዱ ነው። የዚህ አጸግብሮት ፍጥነት በየ10 ዲግሪው የሙቀት ጭማሪ በግምት እጥፍ ስለሚሆን ዘወትር የሚሠራና የሚግል ሞተር ዘይቱን በዚህ መንገድ ቶሎ ያስረጃል። ቀዝቅዞ የሚቆመው ሞተር ከዚህ ይተርፋል። ታሽጎ በመደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ዘይት ለዓመታት የማይበላሸውም ስለዚህ ነው። «ያልተሠራበት ዘይት አያረጅም» የሚለው ክርክር ለጣሳው ዘይት ይሠራል። በኮፓ ውስጥ ያለው ዘይት ግን ውሃ፣ ቤንዚንና አሲድ አንዴ ከቀመሰ በኋላ የጣሳው ዘይት ወንድም አይደለም።

ሁሉም በሶኬት የሚሞላ ሃይብሪድ እንደ ቮልት ሞተሩን ለሳምንታት አያስተኛም። እ.ኤ.አ. በ2012 ገበያ ላይ የዋለው በሶኬት የሚሞላው ቶዮታ ፕሪየስ ባትሪው 4.4 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ስለነበር ነጂው ፔዳሉን ጠንከር አድርጎ ሲረግጥ ወይም ፍጥነቱ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲያልፍ የቤንዚን ሞተሩ ለማገዝ ይነሣል። በእኔ አመለካከት ለዘይቱ ከሁሉ የከፋው ይህ ዓይነቱ አሠራር ነው። ቀዝቃዛ ሞተር ዳገት ላይ ይጠራል፣ ከባድ ሸክም ወዲያው ይሸከማል፣ ሁለት ደቂቃ ሠርቶ ይጠፋል፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ እንደገና ይጠራል። የሠራበት ሰዓት ጥቂት ነው፤ ከዚያ ውስጥ ሞቆ የሠራበት ግን ከጥቂቱም ጥቂት ነው።

ኮምፒዩተሩ ምን ይቆጥራል?

መሐንዲሶች ይህን ሁሉ በአንድ የኪሎ ሜትር ቁጥር መግለጽ እንደማይቻል ስላወቁ ሌላ ቆጣሪ ሠርተዋል። ጄኔራል ሞተርስ የተጠቀመበት ዘዴ ሞተሩ የዞረበትን ብዛት ይቆጥርና እያንዳንዱን ዙር እንደ ሙቀቱ ሁኔታ ይመዝነዋል። በመካከለኛ ሙቀት የተደረገ አንድ ዙር እንደ አንድ ሲቆጠር፣ በብርድ ወይም ከመጠን ባለፈ ሙቀት የተደረገው ከአንድ በላይ ሆኖ ይቆጠራል። ድምሩ ከ100 እየተቀነሰ «የቀረ የዘይት ዕድሜ» ተብሎ በመቶኛ ይታያል። የሒሳብ ተማሪዎች ነገሩ ሚዛን የተሰጠው ድምር መሆኑን ያስተውላሉ። ኮምፒዩተሩ ዘይቱን አይቀምሰውም፤ ስለ ዘይቱ ያስባል እንጂ አያየውም። ስለዚህ ያልታዘዘ ዓይነት ዘይት ቢጨመርበት ወይም ዘይቱ ተቀይሮ ቆጣሪው ወደ 100 ሳይመለስ ቢቀር የሚያሳየው ቁጥር ትርጉም ያጣል። በየመንደሩ ጋራዥ ከሚደርሱ ስሕተቶች ይህ የኋለኛው ቀላል ይመስላል፤ ግን መካኒኩ ዘይቱን ቀይሮ ቁጥሩን ካልመለሰ ባለቤቱ ከሦስት ወር በኋላ «ዘይት ቀይር» የሚል ማስጠንቀቂያ ያያል። ማስጠንቀቂያው ሐሰት መሆኑን አንዴ ካወቀ ደግሞ እውነተኛውንም ማመን ይተዋል።

ያረጀ ቤንዚን

ሞተሩ የማይሠራ ከሆነ ነዳጁም አይንቀሳቀስም። በተራ መኪና አንድ ሊትር ቤንዚን በጋኑ ውስጥ የሚቆየው ከሳምንት ወይም ከሁለት ሳምንት አይበልጥም፤ በሶኬት በሚሞላ መኪና ግን ዓመት ሊሞላው ይችላል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሞተር ለማስነሣት የሚያስፈልጉት ቀላል ሃይድሮካርቦኖች ቀድመው ይተናሉ፤ ከቀሩት አንዳንዶቹ ከኦክስጅን ጋር ተዋሕደው ሙጫ መሰል ነገር ይሠራሉ። ሙጫው መጀመሪያ የሚደፍነው የነዳጅ መርጫውን ቀዳዳዎች ነው።

ለዚህ የተሰጠው መፍትሔ የሚያስደንቅ ነው። ተራ መኪና ከጋኑ የሚተነውን ቤንዚን በከሰል ዕቃ ውስጥ ይይዝና ሞተሩ ሲሠራ ስቦ ያቃጥለዋል። ሞተሩ ለሳምንታት የማይሠራ ከሆነ ግን ከሰሉ ሞልቶ ትነቱ ወደ አየር ይወጣል። ስለዚህ የቮልት ጋን ታሽጎ ግፊት እንዲይዝ ተደርጎ ተሠራ፤ ነዳጅ ለመሙላት አስቀድሞ ቁልፍ መጫንና ግፊቱ እስኪወርድ መጠበቅ ያስፈልጋል። ከዚህ በተጨማሪ ኮምፒዩተሩ የነዳጁን አማካይ ዕድሜ ያሰላል። አዲስ ነዳጅ በተጨመረ ቁጥር አማካዩ ይወርዳል፤ ዓመት ገደማ ካለፈ ግን መኪናው በራሱ ፈቃድ ሞተሩን አስነሥቶ ያረጀውን ያቃጥላል። ይህን ያላወቀ ባለቤት ባትሪው ሙሉ ሳለ ሞተሩ ሲነሣ ብልሽት መስሎት ወደ ጋራዥ ሊሮጥ ይችላል። መፍትሔው ጋኑን ሁልጊዜ ሙሉ አለማድረግ ነው። ከኤሌክትሪክ ርቆ ለማይሄድ ሰው ሩብ ጋን ይበቃዋል፤ በዓመት አንዴ ረጅም መንገድ ሲወጣ ያን ይጨርስና ትኩስ ይጨምርበታል። ያ ረጅም ጉዞ ዘይቱንም አሙቆ ውሃውን ስለሚያባርርለት በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ ይመታል።

ሥራ የፈታ ፍሬን

እስካሁን የተናገርነው ስለ ሞተር ነው። ለሕይወት ይበልጥ የሚያሰጋው ግን ፍሬኑ ነው፤ በሰርቪስ ጉዳይ ከሁሉ የሚዘነጋውም እርሱ ነው።

ሃይብሪድ መኪና ሲያቆም በመጀመሪያ የሚሠራው የኤሌክትሪክ ሞተሩ ነው። ሞተሩ ወደ ጄኔሬተርነት ተለውጦ የመኪናውን የእንቅስቃሴ ኃይል ወደ ባትሪ ይመልሳል። የፍሬኑ ሸራና ዲስክ የሚነካኩት በድንገተኛ ማቆም ወይም መኪናው ሊቆም ጥቂት ሲቀረው ነው። ስለዚህ ሸራው ከተራ መኪና እጅግ ረዝሞ ይቆያል፤ ባለቤቶችም በዚህ ይኮራሉ። ነገር ግን ዲስክ ከብረት የተሠራ ነው፤ ብረትም ካልተፋቀ ይዝጋል። ሸራውን የሚገፋው ክፍል የሚንሸራተትባቸው ፒኖችም ቅባታቸው ይደርቅና ይያዛሉ። ሸራው ወፍራም ሆኖ፣ ፍሬኑ ግን በአንድ በኩል ብቻ የሚይዝ መኪና የሚገኘው ስለዚህ ነው። ጎማ ሳይፈታ ይህን ማየት አይቻልም፤ ስለዚህ ፍሬኑ በዓመት አንዴ ተፈትቶ መታየት ይኖርበታል፤ ቆጣሪው ምንም ይበል ምን።

የፍሬን ዘይት ደግሞ እርጥበት ሳቢ ፈሳሽ ነው። በጎማ ቱቦዎችና በመያዣው ክዳን በኩል ከአየር እርጥበት በጥቂቱ እየሳበ ይኖራል፤ መኪናው ቢሄድም ባይሄድም። ዶት 4 የተባለው ዓይነት አዲስ ሳለ የመፍላት ነጥቡ ቢያንስ 230 ዲግሪ እንዲሆን በደረጃ መስፈርቱ ተወስኗል። በክብደቱ 3.7 በመቶ ያህል ውሃ ሲገባበት የሚፈለገው ዝቅተኛ ልክ 155 ዲግሪ ብቻ ነው። ዘይቱ ከፈላ በቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል። ፈሳሽ ሲጫኑት አይታመቅም፤ እንፋሎት ግን ይታመቃል። ነጂው ፔዳሉን ሲረግጥ የሚያምቀው እንፋሎቱን እንጂ ሸራውን አይሆንም፤ ፔዳሉም እስከ ወለሉ ይወርዳል።

ይህ በሜዳ ከተማ ውስጥ ላያጋጥም ይችላል። በአገራችን መልክዐ ምድር ግን እናስላው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደው መንገድ ከፍታው ከ1,000 ሜትር በላይ ይቀንሳል። ከነተሳፋሪዎቹ 1,800 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ኃይል 1,800 በ9.81 በ1,000 ተባዝቶ 17.7 ሜጋ ጁል፣ ማለትም 4.9 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው። ከዚህ የተወሰነውን የጎማና የአየር ግጭት ይወስዳል። ባትሪው ጎዶሎ ከሆነ የቀረውን አብዛኛውን ይቀበላል፤ ነጂው ፍሬን ሳይነካ ይወርዳል፣ ከታች ሲደርስም ተጨማሪ ጉልበት አትርፎ ይገኛል። ባትሪው ከአፋፉ ላይ ሙሉ ከሆነ ግን የሚቀበልበት ቦታ የለውም። የተሞላ ማሰሮ ላይ ውሃ አይጨመርም። በዚህ ጊዜ የመውረዱን ኃይል መሸከም ያለበት የሞተር ፍሬንና የዛገው ዲስክ ነው። እንዲህ ሲሆን ለወራት ሥራ ፈትቶ የቆየው ፍሬን፣ ለዓመታት ሳይቀየር እርጥበት ሲስብ ከኖረው ዘይት ጋር፣ ከሁሉ የከበደውን ሥራ በአንድ ቀን ይጠየቃል። ቁልቁለት ወዳለበት አገር የሚሄድ ነጂ ባትሪውን አፋፍ ላይ ሙሉ ከማድረግ ቢቆጠብ ይበጀዋል። የፍሬኑ ዘይትም አምራቹ ባዘዘው ጊዜ፣ ትእዛዙ ካልታወቀም በየሁለት ዓመቱ ይቀየር።

የቀሩት ክፍሎች

ለቀሩት ክፍሎች ጥያቄው «ይህ ዕቃ የሚያረጀው በምንድን ነው?» የሚል ብቻ ነው። ጎማ የሚያልቀው በመንገድ ስለሆነ ቆጣሪው ለእርሱ እውነተኛ ምስክር ነው፤ በባትሪው ክብደት ምክንያትም ከተመሳሳይ የቤንዚን መኪና ሊፈጥን ይችላል። ካንዴላና የሞተር አየር ፊልትሮ የሚያረጁት ሞተሩ ሲሠራ ብቻ ነው። ተሳፋሪው የሚተነፍሰውን አየር የሚያጣራው ፊልትሮ ግን መኪናው በባትሪም ቢሄድ አቧራ መቀበሉን አያቆምም። የማቀዝቀዣ ፈሳሹ በጊዜ የሚለወጥ ሲሆን፣ በቮልት ውስጥ ለቤንዚን ሞተሩ፣ ለኤሌክትሮኒክሱና ለትልቁ ባትሪ የተለያዩ ሦስት መስመሮች አሉት። ወደ ባትሪው መስመር የቧንቧ ውሃ መጨመር ፈጽሞ አይገባም፤ በውሃው ውስጥ ያሉት ጨዎች ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ናቸውና።

ትንሿ 12 ቮልት ባትሪ ልዩ ማሳሰቢያ ትሻለች። ትልቁን ባትሪ ከመኪናው ጋር የሚያገናኙትን ማብሪያዎች የሚዘጋው የእርስዋ ኃይል ነው። እርስዋ ከሞተች ትልቁ ባትሪ ጢም ብሎ ቢሞላም መኪናው አይነሣም። ዕድሜዋ በዓመታት የሚለካ ስለሆነ በየሰርቪሱ ትፈተሽ። ትልቁ ባትሪ በበኩሉ የሚቀየር ዘይትም ሆነ የሚጠራ ነገር የለውም። ይሁንና በቮልት 360 ቮልት ያህል ቀጥተኛ ጅረት የያዘ ነው። ብርቱካናማ ሽፋን ያላቸው ሽቦዎች የሚሄዱት ወደ እርሱ ነው። የሠለጠነ ሰው እንኳ የማቋረጫውን መሰኪያ ነቅሎ፣ በካፓሲተሮች ውስጥ የተጠራቀመው ኃይል እስኪወርድ አምራቹ ያዘዘውን ያህል ደቂቃ ጠብቆ፣ በመለኪያ ካረጋገጠ በኋላ እንጂ አይነካቸውም። ዘይት ለመቀየር እነርሱን መንካት አያስፈልግም።

ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ከቆጣሪው ዝቅተኛ ቁጥር በፊት ሊያያቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። ሻጩን ዘይቱ የተቀየረበትን ኪሎ ሜትር ሳይሆን ቀኑን ይጠይቀው፤ የፍሬን ዘይቱንም እንዲሁ። ኮምፒዩተር የሚያነብ መሣሪያ ያለው ጋራዥ ከተገኘ ሞተሩ የሠራበትን ሰዓት በአንዳንድ መኪናዎች ማውጣት ይቻላል። ያንን ከጠቅላላው ኪሎ ሜትር ጋር ማስተያየት መኪናው ምን ዓይነት ኑሮ እንደኖረ ያሳያል። የዘይት መሙያው ክዳን ይገለበጥ፤ ዲስኮቹ በጎማው መሐል ይታዩ፤ ጎማውም በጎኑ ላይ ዶት ከሚለው ምልክት ቀጥሎ በመጨረሻ ያሉት አራት አኀዞች ይነበቡ። 2319 የሚል ከሆነ ጎማው የተሠራው እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት ነው፤ ጥርሱ ምንም ያህል ያልተነካ ቢመስልም።